ብርሌና መስኮት፤ በእጅ የተሠራ የብርጭቆ ዕቃን በጥቂት ገንዘብ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው አባባል በአብዛኛው የሚጠቀሰው ስለ ሻከረ ወዳጅነትና ስለ ጎደለ እምነት ነው። ዳሩ ግን አባባሉ ምሳሌ ከመሆኑ በፊት በየቤቱ የሚታይ እውነት ነበረ። ድስት ጆሮው ቢሰበር ያለ ጆሮ ያበስላል፤ ቅል ቢሰነጠቅ ይሰፋል፤ ማረሻ ቢዶለዱም ባለ እጅ ዘንድ ሄዶ ይሳላል። ብርሌ ግን አንገቱ ላይ የፀጉር ያህል መስመር ከታየበት ቀን ጀምሮ ከመደርደሪያ አይወርድም፤ ከወረደም ለመጣል ነው።

በጎንደር ከተማና ከዚያ ወደ ሰሜን በዳባትና በደባርቅ በኩል በሚወጣው ደጋ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ የተላለፈ ብርሌ ያለው ቤት ዛሬም ይገኛል። ዕቃው ከሙሽራ ቤት ወደ ተዝካር ቤት ሲዋስ ኖሮ፣ ከስድስቱ ሁለቱ ወይም አንዱ ብቻ ተርፎ፣ በቁም ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የልጅ ልጅ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር ሲመጣ ይወጣና ፎቶግራፍ ይነሣል። የሚገኘው ሥዕልም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ በብርሌው ሆድ ላይ የፍላሽ ነጭ ኮከብ፣ ከኮከቡ ሥር ካሜራውን የያዘው ሰው ራሱ ተጣምሞ፣ በዙሪያው የክፍሉ በርና አምፖል፤ ብርሌው ግን የለም። ያን ጊዜ የሚሰማው ቅሬታ «መብራት ስለሌለን ነው፣ ስቱዲዮ ስለሌለን ነው» የሚል ነው። ይህ ቅሬታ ትክክል አለመሆኑን ማሳየት የዚህ ንግግር ዓላማ ነው። ብርጭቆን ለማንሣት የሚጎድለው መብራት አይደለም። የሚጎድለው ብርጭቆ የሚያሳየው ራሱን ሳይሆን በዙሪያው ያለውን መሆኑን ማወቅ ነው፤ ዙሪያውን ማስተካከል ደግሞ በአቡጀዴና በካርቶን ይቻላል።

ስለ ዕቃው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ምን እንደሚፈለግ ያላወቀ ፎቶግራፍ አንሺ ምንም ቢያነሣ ያገኘ ይመስለዋል። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 መናገሻቸውን ጎንደር ላይ ካቆሙ ጀምሮ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ግንበኛውና ሸክላ ሠሪዋ ከአገሩ የተገኙ ሲሆኑ ብርጭቆ ግን እንግዳ ነበረ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ አድያም ሰገድ ኢያሱን ለማከም እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር ሲገባ፣ እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ሲደርስ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ማናቸውም ዕቃ ረጅም የጭነት መንገድ ማለፍ ነበረበት። የኢያሱ ግንብ ውስጡ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ እንደነበረ እስከ ዛሬ ይነገራል። በ19ኛው መቶ ዓመትም የብርጭቆ ዕቃ በምፅዋ በኩል ከአውሮፓ ይገባ ነበር። እንግዲህ አንድ የቆየ ብርሌ ጎንደር ላይ በሙሉ አካሉ መገኘቱ ራሱ የብዙ ሰው ጥንቃቄ ውጤት ነው።

በእጅ የተነፋ ብርጭቆ የሠሪውን እጅ በላዩ ይዞ ይኖራል። የፋብሪካ ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ ከአፉ እስከ ሥሩ የሚወርድ የቅርጽ መስመር አለው፤ በአፍ ተነፍቶ በነፃ እጅ የተሠራው ይህ መስመር የለውም። በግድግዳው ውስጥ የአየር ጠብታዎች ይታያሉ፤ በሆዱ ላይ ክብ የሆኑት ጠብታዎች አንገቱ ሲሳብ አብረው ስለሚሳቡ አንገቱ ላይ እንደ ገብስ ፍሬ ይረዝማሉ። ከሥሩ፣ ሠሪው አፉን ሲያበጅ ዕቃውን ይዞበት የነበረው የብረት ዘንግ ተነቅሎ የተወው ሻካራ ጠባሳ አለ። ግድግዳው በአንድ ወገን ወፈር፣ በሌላው ሳሳ ይላል፤ አንገቱም ጥቂት ያዘነብላል። ቀለሙ ነጭ ነው ቢባልም በአሸዋው ውስጥ ካለው ብረት የተነሣ ወደ አረንጓዴ ያደላል። እነዚህ ምልክቶች አንዱን ብርሌ ከሌላው ብርሌ የሚለዩት ናቸው። በፍላሽ በተነሣው ሥዕል ላይ ከእነዚህ አንዱም አይታይም።

ይህ ልዩነት ለምን ይፈለጋል የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱ በጎንደር ታሪክ ውስጥ ነው። ከተማዪቱ እ.ኤ.አ. በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ አብያተ ክርስቲያኖቿን ሲያስበረብሩ ንብረቷን አጥታለች፤ ወደ መቅደላ ከተወሰደውም ብዙው እ.ኤ.አ. በ1868 በእንግሊዝ ጦር እጅ ባሕር ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር-ጅቡቲ ጓድ ጎንደር ላይ ወራት ቆይቶ ዕቃ ሰብስቧል፤ ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ሳይቀር ወደ ፓሪስ ወስዷል። ለወሰደው ዕቃ ፎቶግራፉና መዝገቡ ዛሬ ፓሪስ ውስጥ ይገኛል። ከዚያ በፊት ለሄደው ግን፣ በተለይ ለትንንሹ የቤት ዕቃ፣ የቀረው ቃል ብቻ ነው። ቃል ደግሞ ለብርጭቆ አይበቃም። «ብርሌ፣ ሦስት» ተብሎ በተጻፈ መዝገብ ማንም ሰው ዕቃዬ ይኸው ነው ብሎ ሊከራከር አይችልም። መስቀል ጽሑፍ ይኖረዋል፣ ብራና የጸሐፊው ስም ይኖረዋል፤ ብርሌ ያለው ጠብታውና ጠባሳው ነው።

ይህን ነገር ፎቶግራፍ ገና በተወለደበት ዘመን ያሰበበት ሰው ነበረ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት እ.ኤ.አ. ከ1844 እስከ 1846 በክፍል በክፍል ባወጣው «የተፈጥሮ እርሳስ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ አንዱን ሥዕል ለሸክላ ዕቃዎች፣ ቀጥሎ ያለውን ለብርጭቆ ዕቃዎች ሰጥቷል። ስለ መጀመሪያው ሲጽፍ፣ አንድ ሰው የዕቃዎቹን ዝርዝር በጽሑፍ ለመግለጽ ከሚደክም በሥዕል ቢይዝ እንደሚሻል፣ ሌባ ቢሰርቀውም ሥዕሉ በፍርድ ቤት አዲስ ዓይነት ምስክር ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። ስለ ሁለተኛው ሲጽፍ ደግሞ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀውን ችግር ያነሣል፤ ነጩ ሸክላና ብርጭቆው ባንድ ላይ ከተነሡ ሸክላው ቶሎ ተነሥቶ ሲያልቅ ብርጭቆው ገና ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እጅግ ተለውጧል፤ ችግሩ ግን እንዳለ ነው።

የችግሩ ሥር እንዲህ ነው። ሸክላ፣ እንጨትና ጨርቅ የወደቀባቸውን ብርሃን በየአቅጣጫው ይበትኑታል፤ ስለዚህ መብራት ሲበራላቸው ይታያሉ። ብርጭቆ ግን ብርሃኑን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ፊት ለፊት ከመጣበት ብርሃን በእያንዳንዱ ገጹ ላይ የሚመልሰው ከመቶ 4 ያህሉን ብቻ ነው፤ ያንንም የሚመልሰው እንደ መስተዋት ወደ አንድ አቅጣጫ እንጂ በትኖ አይደለም። የተቀረው ብርሃን ያልፋል፣ ሲያልፍም ይታጠፋል። በተለይ በጠርዙ፣ ግድግዳው ለዓይን በጎን በሚታይበት ቦታ፣ መታጠፉ ስለሚበረታ ጠርዙ የሚያሳየው ከብርሌው ኋላ ያለውን ሳይሆን በጎኑ ያለውን ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው፤ በብርሌው ላይ መብራት ማብራት ከንቱ ሲሆን፣ ከኋላው ያለውን አንድ ዓይነት፣ በጎኑ ያለውን ተቃራኒ ማድረግ ግን ብርሌውን ያወጣዋል። ኋላው ነጭ፣ ጎኑ ጥቁር ከሆነ ብርሌው በጥቁር መስመር ተስሎ ይታያል። ኋላው ጥቁር፣ ጎኑ ብሩህ ከሆነ በብርሃን መስመር ተስሎ ይታያል። የታላላቅ ስቱዲዮዎች ባለሙያዎችም ከእነዚህ ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ ምሥጢር የላቸውም።

ብርሃኑ ከየት ይምጣ ቢባል ከመስኮት ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ከመጽሐፍ የተቀዳ ስሕተት መታረም አለበት። የአውሮፓ ሠዓሊዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች ቀጥተኛ ፀሐይ የማይገባበትን ለስላሳ ብርሃን ሲፈልጉ ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ይመርጣሉ፤ መጽሐፎቻቸውም ይህንኑ ያስተምራሉ። በእነርሱ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በቀትር በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ምክሩ ትክክል ነው። ጎንደር ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ያለች ከተማ ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በጎንደር ላይ የምታልፈው ከአናት በስተሰሜን ነው። በሰኔ አጋማሽ ከአናት ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች፤ ጧትና ማታማ የሰሜኑን መስኮት ፊት ለፊት ታየዋለች። በታኅሣሥ በተቃራኒው ወደ ደቡብ 36 ዲግሪ ያህል ትወርዳለች። ስለዚህ የሰሜን መስኮት በጎንደር የሚታመነው ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ነው። በግንቦት የሰሜን መስኮት ይዞ የሚሠራ ሰው በብርሌው አንገት ላይ የፀሐይ ስለት ሲያርፍ ያየዋል፤ ያን ጊዜ ወደ ደቡቡ መስኮት መዛወር ነው። ክረምቱ ከገባ በኋላ ደግሞ ደመናው ራሱ መጋረጃ ስለሚሆን የመስኮቱ አቅጣጫ እምብዛም አያስጨንቅም። ይህን የሚያውቅ የጎንደር ሰው ብዙ ነው፤ ቤት ሲሠራ በረንዳውን በየት በኩል እንደሚያወጣ የሚመክር ሽማግሌ ሁሉ ያውቀዋል። ወደ ፎቶግራፍ መጽሐፍ ግን አልገባም።

አሁን ወደ ሥራው። ለመጀመሪያው ዘዴ፣ ማለት ለጥቁር ጠርዝ፣ የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ያህል ነጭ አቡጀዴ፣ ሁለት ጥቁር ካርቶኖችና ጠረጴዛ ነው። አቡጀዴው በመስኮቱ ላይ ሳይጨማደድ ይወጠራል፤ ከውጭ የሚመጣውን ብርሃን አንድ ወጥ ያደርገዋል። ነጠላ እንዳይሆን፤ ነጠላ ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ ድርና ማጉ፣ ጥለቱም ጭምር፣ በሥዕሉ ላይ ይወጣል። ብርሌው ከመስኮቱ ራቅ ብሎ፣ አንድ ክንድ ያህል ቢሆን መልካም ነው፣ በጠረጴዛው ላይ ይቆማል። ካሜራው በሌላው ወገን፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ከብርሌው ሆድ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይደረጋል። ከላይ ወደ ታች የሚያይ ካሜራ ብርሌውን አጭርና ትከሻ ሰፊ ያደርገዋል።

ብዙዎች እዚህ ድረስ ደርሰው ይሳሳታሉ። አቡጀዴው በሥዕሉ ክፈፍ ውስጥ የሚታየውን ያህል ብቻ መሆን አለበት፤ ከክፈፉ ውጭ ያለው መስኮት በጋዜጣም በጥቁር ጨርቅም መሸፈን አለበት። ነጩ ከበዛ በጎንም ስለሚገባ የብርሌው ጠርዝ ነጭ በነጭ ላይ ሆኖ ይጠፋል። ሁለቱ ጥቁር ካርቶኖች ከክፈፉ ጥቂት ወጣ ብለው በብርሌው ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ካርቶኑ አንድ ጣት ሲጠጋ የጠርዙ መስመር ይወፍራል፤ አንድ ጣት ሲርቅ ይቀጥናል። ይህን እያንቀሳቀሱ ማየት ከማናቸውም ትምህርት የበለጠ ያስተምራል፤ ሁለቱ ካርቶኖች በአንድ ጊዜ ሲወጡና የብርሌው መልክ በነጩ ውስጥ ሲሟሟ ያየ ሰው ሕጉን አይረሳውም።

ለብሩህ ጠርዝ አቡጀዴው መስኮቱን እንዳለ ሞልቶ ይወጠርና ከመካከሉ ላይ አንድ ጥቁር ካርቶን ይለጠፋል። ካሜራው የሚያየው ካርቶኑን ብቻ ሲሆን ከካርቶኑ ዙሪያ የተረፈው የመስኮቱ ብርሃን ከኋላና ከጎን መጥቶ የብርሌውን ጠርዝ ያበራዋል። ይህ ዘዴ የአየር ጠብታዎቹን እያንዳንዳቸውን እንደ ኮከብ ያወጣቸዋል፤ ንቃትም ካለ እንደ ብር ክር ያበራል። ነገር ግን አቧራንና የጣት አሻራንም እንዲሁ ያበራል፤ ስለዚህ በዚህ ዘዴ ከግማሹ በላይ የሚሆነው ሥራ ጽዳት ነው። ለምዝገባ የሚነሣ ብርሌ በሁለቱም ዘዴ መነሣት አለበት፤ የመጀመሪያው ቅርጹን፣ ሁለተኛው ሰውነቱን ይናገራል። አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል፤ ምስክርነቱ ያለው በጠብታዎቹ ነውና።

ካሜራ ሲባል የግድ ውድ ካሜራ አይደለም። የእጅ ስልክም ቢሆን ይሠራል፤ ሆኖም የስልክ ሌንስ ሰፊ ስለሚያይ ተጠግተው ሲያነሡት የብርሌውን ሆድ ያሳብጠዋል። ራቅ ብሎ ቆሞ ሥዕሉን ኋላ መቁረጥ ይመረጣል። ሌንሱ የሚስተካከል ካሜራ ያለው ቀዳዳውን በኤፍ 8 እና በኤፍ 11 መካከል ቢያደርግ የብርሌው ፊትና ኋላ አብረው ይጠራሉ። ቀዳዳው ሲጠብ መዝጊያው ይዘገያል፤ የመስኮት ብርሃን ሲሆን ሩብ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት እጅ አይታመንም። ገንዘብ ያለው መጀመሪያ የሚገዛው ትራይፖድ ይሁን፤ የሌለው ግማሽ ከረጢት ባቄላ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ካሜራውን በላዩ ቢያስተኛው አይነቃነቅም፤ በጣት እንዳይነካም ካሜራው በራሱ ሰዓት ቆጥሮ እንዲያነሣ ይታዘዛል። ካሜራ ራሱ የሚመርጠው መጠንም ያሳስታል። ነጭ ሲበዛበት ያጨልመዋልና ነጩ አቡጀዴ የአመድ መልክ ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ በአንድ ወይም በአንድ ተኩል ደረጃ ወደ ብሩህ ማሳደግ ያስፈልጋል። ጥቁሩ ካርቶን ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። የክፍሉ አምፖል ጠፍቶ መሥራት ግዴታ ነው፤ ከመስኮት ብርሃን ጋር ሲደባለቅ ቀለሙን ያሳብዳል። በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ነጭ ወረቀት ከብርሌው አጠገብ ማቆም ይገባል፤ አለበለዚያ ካሜራው የብርሌውን አረንጓዴነት ጉድለት መስሎት ሊያርመው ይችላል።

አንዳንዱ ባለቤት ብርሌው ጠጅ ይዞ እንዲነሣ ይፈልጋል፤ የሚያምረውም እንዲያ ነው። ይሁን እንጂ የሞላ ብርሌ ከባዶው ብርሌ ጋር አንድ ዕቃ አይደለም። ክቡ ሆድ በፈሳሽ ሲሞላ ራሱ ሌንስ ይሆናል፤ ከኋላው ያለውን ሁሉ ገልብጦ ያሳያል። መስኮቱ ከነፍሬሙ ተገልብጦ በጠጁ ውስጥ ሲታይ የማይደነግጥ ጀማሪ የለም። መድኃኒቱ ከሲጋራ ፓኮ የሚወጣውን ብርማ ወረቀት ከብርሌው ሆድ ባነሰ ቅርጽ ቆርጦ፣ ካሜራው እንዳያየው አድርጎ፣ ከብርሌው በስተኋላ ጥቂት አዘንብሎ ማቆም ነው። ብርሃኑ በማሩ ቀለም ውስጥ አልፎ ይመለሳል። ያልጠራ ጠጅ ብርሃኑን ስለሚበትን ይህን ብልሃት አይፈልግም፤ ግን ጠብታውንም ጠባሳውንም ይሸፍናል። ስለዚህ ለመዝገብ የሚነሣው ብርሌ ባዶ ይሁን፤ የጠጁ ሥዕል ለግድግዳ ይሁን።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ ወለቃ ይገኛል። ቤተ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ በሸክላ ሥራቸው የታወቀ መንደር ነበረ፤ ከእነርሱ በኋላም ጥቁሩና የተወለወለው ሸክላ፣ ትንንሾቹም የሰውና የእንስሳ ቅርጾች፣ በአካባቢው ሴቶች እጅ መሠራታቸው ቀጥሏል። ለሸክላ ሠሪዋ ፎቶግራፍ የገበያ ነገር ነው፤ ገዢው ዕቃውን ከሥዕል አይቶ ይመርጣልና። ብርሌና ጥቁር ሸክላ በአንድ ማዕድ ቢቀርቡም በአንድ ሥዕል አይዋደዱም። ታልቦት በነጭ ሸክላ ያየውን ተቃራኒ የጎንደር ፎቶግራፍ አንሺ በጥቁሩ ያየዋል፤ ለብርሌው የበቃው ብርሃን ሸክላውን ጥላ ያደርገዋል። ለሸክላው መስኮቱ ከኋላው ሳይሆን ከጎኑ ይሁን፤ በተቃራኒው ወገን ነጭ ጨርቅ የለበሰ ሰፌድ ይቁም። ሰፌዱ የሚመልሰው ብርሃን በተወለወለው ጥቁር ገጽ ላይ እንደ ረጅም ነጭ ጥላ ያርፋል፤ ያ ነጭ ጥላ ነው የሸክላውን ክብነት የሚናገረው።

ወደ ደጋው ሲወጣ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ፣ ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ በመሆኑ በበጋ ቀን ፀሐዩና ጥላው እንደ ቢላዋ ይለያያሉ፤ ጥላ ውስጥ የተነሣውም ዕቃ ሰማያዊ ይሆናል። ብርሌን ደጅ አውጥቶ ማንሣት ስለዚህ አይመከርም፤ የተሻለ የሚሆነው የስሜን ጭጋግ በወረደበት ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ሰማዩ በሙሉ አቡጀዴ ይሆናል። ብርዱም መታሰብ አለበት። በታኅሣሥ ጧት ከቀዝቃዛ ክፍል የወጣ ብርሌ ውሃ ወደሚፈላበት ቤት ሲገባ ወዲያው ላብ ይለብሳል። በጨርቅ ቢጠርጉት ይመለሳል። እንደ ተጠቀለለ ሰዓት ያህል ቢቆይ የክፍሉን ሙቀት ይላበሳል። ከሁሉ የከፋው ይህን ላብ ወይም አሮጌ እድፍ በሙቅ ውሃ ለማጠብ መቸኮል ነው፤ ብርዱን የጠጣ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ሲነካው ይነቃል። ከዚያ በኋላ አባባሉ ሥራውን ይጨርሳል። ለብ ባለ ውሃ፣ ብዙ ጊዜ በታጠበ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ፣ ያለ ጥድፊያ መጽዳት አለበት። አዲስ ጨርቅ ብናኙን ይተውበታል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የዕቃው ባለቤት መዘንጋት የለባትም። ብዙውን ጊዜ ብርሌውን ያኖረችው አሮጊት እናት ናት፤ የማን ሠርግ ላይ እንደተገዛ፣ ማን ለማን እንዳወረሰው የምታውቅ እርሷ ናት። ፎቶግራፍ አንሺው «እማማ፣ ይህ ብርሌ ከማን መጣልዎ?» ብሎ ሳይጠይቅ መሥሪያውን ከዘረጋ፣ ከሥዕሉ ግማሹን ጥሎ ሄደ ማለት ነው። ዕቃው የቤተ ክርስቲያን ከሆነ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀውን አገልጋይ ማስፈቀድ፣ ንዋየ ቅድሳቱን በእጅ አለመንካት፣ የታዘዙበት ቦታ መቆም ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነውና ኋላ ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት የተረከበው የዕቃ መለያ ደንብ ለጠፋ ቅርስ ፍለጋ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ፎቶግራፍ ነው፤ ዕቃው ከመለኪያ ጋር እንዲነሣ፣ ምልክቱ፣ ጉዳቱና ጥገናው በቅርብ እንዲታይ ያዛል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ም ቅርስ እንዲመዘገብ ይደነግጋል። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተቆጠሩት ግንቦች ናቸው፤ በግንቦቹ ጥላ ሥር በቁም ሣጥን ያለውን የሚቆጥረው ባለቤቱና ፎቶግራፍ አንሺው ካልሆኑ ሌላ የለም። ስለዚህ ለአንድ ብርሌ ቢያንስ አምስት ሥዕል ያስፈልጋል፦ አንዱ በጥቁር ጠርዝ፣ አንዱ በብሩህ ጠርዝ፣ አንዱ የሥሩ ጠባሳ፣ አንዱ የአፉ ከንፈር፣ አንዱም የትምህርት ቤት ማስመሪያ ከጎኑ ቆሞ። ማስመሪያው በብርሌው ፊት ሳይሆን በሆዱ መካከል ትክክል፣ ከካሜራው በእኩል ርቀት ይቁም፤ ወደፊት ከወጣ ብርሌውን ያሳጥረዋል።

ሥዕሉ በስልክ ውስጥ ብቻ ከቀረ ስልኩ በጠፋ ቀን ይጠፋል። ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱም በወረቀት ታትሞ በጀርባው በእርሳስ ይጻፍበት፤ ቁመቱ፣ የሆዱ ስፋት፣ የተነሣበት ቀንና እናቲቱ የተናገሩት ታሪክ። ከታተመው አንዱ ቅጂ ከቤቱ አይወጣም። አቡጀዴው ከመስኮቱ ከመውረዱ በፊት ብርሌው ወደ ቦታው ይመለስ፤ በአንገቱ ሳይሆን ከሥሩ ተደግፎ፣ በሁለት እጅ፣ የባለቤቲቱ እጅ ቢሆን ይመረጣል።